ለጉልበቴ የተመረጠ ማርሽ

ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ሠሪ ነው። በሰፈሩ «መሐንዲሱ» ይሉታል፤ ግማሹ ከአክብሮት፣ ግማሹ ከሽሙጥ። እሱ ሽሙጡን ሰምቶት አያውቅም። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። እጁ ወርቅ መሆኑን የሚጠላው ሰው እንኳ አይክድም። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ ከተወለደ ጀምሮ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ያጋነንኩ ይመስል ይሆናል። ያገባ ሰሞን የመኝታ ቤቱን በር በገዛ እጁ ሲገጥም ገልብጦ ገጠመውና በሩ በተከፈተ ቁጥር አልጋውን ይመታ ጀመር። ሚስቱ ብትነግረው፣ ያለቦታው የተቀመጠው አልጋው ነው አላት። አልጋው ተነሣ። ቁም ሣጥኑም አልጋውን ተከትሎ ተነሣ፣ መስኮቱ በቁም ሣጥኑ ተጋረደ፣ በሩ ግን እስከ ዛሬ እንደተገጠመ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሻዩ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረ። እኛ ሳቃችንን አፍነን እያየነው ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጥቶ፣ ጥሩ ሻይ ነው ብሎ ተነሣ። በዚህ ዓመሉ ስንስቅ ኖረናል። ሳቁ ያበቃው የኔ ጉልበት የተሰበረ ዕለት ነው።

ሥራዬ መድኃኒት ማመላለስ ነው። ከታች ካለው ሆስፒታል ተራራው ላይ ወዳሉት ሦስት ጤና ኬላዎች መድኃኒት አወጣለሁ፤ ስመለስ የደም ናሙና በቀዝቃዛ ሣጥን ይዤ እወርዳለሁ። የመኪናው መንገድ ተራራውን ዞሮ የሚሄድ ሲሆን ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። የእግር መንገዱ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እኛ አመላላሾቹም በብስክሌት የምንሄደው በዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዳገቱ መሐል ማርሽ ስቀይር ካቴናው ከፊት ጥርሶቹ ላይ ወረደና ፔዳሉ በባዶ ዞረ። ክብደቴን ሁሉ የጣልኩበት እግሬ ወደ ታች ተወረወረ፤ ጉልበቴ ድንጋይ ላይ አረፈ።

ብስክሌቱን ከአንድ ቀን በፊት አስተካክሎ የሰጠኝ ወንድሜ ነበር። የአገልግሎቱ ብስክሌቶች በሙሉ በእሱ እጅ ስለሚጠገኑ አደጋውንም እንዲመረምር የታዘዘው እሱ ሆነ። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «የነጂ ስህተት» ይላል፣ ሌላው «የብስክሌት ጉድለት»። ወንድሜ የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረገ። ፔዳሉን በኃይል እየረገጥሽ ስለቀየርሽ ነው፣ እንዲህ ሲደረግ የትኛውም ካቴና ይወርዳል አለኝ። አልጋ ላይ ተኝቼ እግሬ በጀሶ እንደታሰረ ፈረምኩ። ምን ላድርግ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በዚያ ላይ መሐንዲሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ማከማቻ ክፍል ውስጥ ካርቶን ስደረድር ቆየሁ። መስኮት የለውም። በፊት ጧት ጧት ከደመናው በላይ እወጣ የነበርኩት ሴትዮ፣ ፀሐይ መውጣቷን ከሰው መስማት ጀመርኩ። በየምሽቱ ያቺን ሰከንድ መልሼ አስባት ነበር። እግሬ ምን አደረገ? ለምን ቸኮልኩ? ከወንድሜ ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከሰላምታው ወዲያ ግን የምንባባለው ነገር አጣን።

በዚህ መሐል አለቃችን ጠራችኝ። ሰዓቷን ሳታይ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማትናገር፣ ደረቅ ግን ቅን ሴት ናት። አዳዲስ ብስክሌቶች ገብተዋል፣ ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ያላቸው። የሐሙስ ሳምንት ሙሉ ጭነት ይዘሽ እስከ ላይኛው ጤና ኬላ በአርባ አምስት ደቂቃ ከወጣሽ ወደ መንገድሽ ትመለሻለሽ፤ ካልሆነ ማከማቻው ቋሚ ቦታሽ ይሆናል አለችኝ። ብስክሌቶቹ የመጡት ያለ ማርሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጂ የሚስማማውን መርጦ የሚገጥመው ደግሞ ያው ወንድሜ ነው። ሌላ ሰው ይሥራልኝ ለማለት ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ከእሱ የተሻለ እጅ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

የወንድሜ ሱቅ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ ዕቃ ደርድሮ ጠበቀኝ። ፊት ለፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ብቻ ነው የሚኖርሽ አለ፤ ማርሹ ሁሉ ከኋላ ይሆናል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ዘመኑ ነው ብሎ ቀና እንኳ ሳይል መለሰልኝ። እኔ ግን ገባኝ። ፊት አንድ ክብ ብቻ ካለ ካቴናውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገፋ መቀየሪያ የለም፤ የሚገፋው ከሌለ የሚጥለውም የለም። የመረጠውን ክብ አንሥቶ አሳየኝ። አንዱ ጥርስ ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ዙሪያውን ይሄዳል፤ የካቴናው ክፍተትም አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ስለሆነ ገብቶ ይነከሳል።

ጠባችን የተጀመረው በቁጥር ነው። እኔ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ያለውን ፈለግኩ፤ ወንዶቹ አመላላሾች በሙሉ የሚነዱት እሱን ነው፣ ከእነሱ ማነስ አልፈለግኩም። እሱ ግን አሥራ ሁለት ኪሎ ጭነት ጀርባዬ ላይ አሰረና ከሱቁ ጎን ያለውን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ አስወጣኝ። ሰዓት ይዞ ከኋላዬ እየተከተለ እርምጃዬን ይቆጥራል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቀኝ እግሬ ሲጎተት «እዚህ ጋ» ብሎ ካርቶን ላይ ጻፈ። ሁሌም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሰውየውን ደረጃ ሳያስወጣ ጥርስ አይመርጥም። ከዚያ ሱቅ አስቀምጦኝ መዳፉን ጉልበቴ ላይ አድርጎ እግሬን አጠፈ፣ ዘረጋ። ከወደቅኩ ወዲህ ጉልበቴን ነክቶት አያውቅም ነበር። ሲንቋቋ ሁለታችንም ሰማን።

ሠላሳ ነው አለ በመጨረሻ። ዳገቱ ላይ ፔዳሉን በደቂቃ ስልሳ ጊዜ ማዞር አለብሽ፤ ከዚያ ካነሰ ማርሹ የሚጎትተው ጉልበትሽን ነው። ከኋላ ደግሞ ትልቁ ክብ ባለ ሃምሳ አንድ ጥርስ መሆን አለበት። ዕቃ አስመጪው አርባ ስድስት ይበቃታል ብሎ ማለ፤ እውነቱን ለመናገር አርባ ስድስቱ ጎማው ላይ እንዳለ ይገጠማል፣ ሃምሳ አንዱ ግን የጎማውን መሐል ማስለወጥ ይፈልጋል። የሚለወጠው ዕቃ ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአስመጪው ሱቅ ለዕይታ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ ጎማ ላይ ተገጥሟል። ወንድሜ በርጩማ ስቦ እዚያው ሱቅ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያንን ጎማ ሲያይ ሰውየው ሰለቸውና ፈትቶ ሰጠው።

የኋላውን መቀየሪያ ሲመርጥ እጀ ረዥሙን መረጠ፤ አጭሩ ይህን ያህል ካቴና መሰብሰብ አይችልም። መሪው ላይ ያለው የማርሽ መጫኛም የዚያው የመቀየሪያው ወገን እንዲሆን አደረገ፤ ከሌላ ኩባንያ ከሆነ ሽቦውን እኩል አይስበውም፣ ማርሹ ይዘላል። አንድም ነገር በግምት አልወሰደም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሳይ ልቤ ትንሽ ራራ። ለምን እንደሚጠነቀቅ ግን ልጠይቀው ድፍረት አላገኘሁም።

ረቡዕ ዕለት የቀረው ካቴናውን ልኩ ላይ መቁረጥ ብቻ ነበር። ብስክሌቱ ከጣሪያው በመንጠቆ ተንጠልጥሏል። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሲለካ እንደኖረው ካቴናውን በፊቱ ክብና በኋላው ትልቅ ክብ ላይ አዞረ፣ ሁለት ማያያዣ ጨመረ፣ ቆረጠ። ሚስቱ ካቴናው ከመጣበት ሣጥን ውስጥ የሥዕል ወረቀት አውጥታ ስታገላብጥ ነበር። ሥዕሉ ላይ ሰውየው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚለካው፣ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ለማስታወቂያ ነው አላት። ሥዕል ዐይቶ ካቴና የሚቆርጥ ሰው ካለ ሄዶ ልብስ ይስፋ ብሎም ጨመረበት። ሚስቱ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ስቄያለሁ።

ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ አለቃችን ከሆስፒታሉ በር አስነሣችኝና በመኪና በዙሪያው መንገድ ወደ ላይ ሄደች። ስልኬ ከእሷ ጋር ነው፤ ከእኔ ጋር ቢሆንም እንኳ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም። እኔ ፔዳሉን መርገጥ ስጀምር ሱቁ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ኋላ ሚስቱ ናት። ነገሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክናት አድሮ ኖሮ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። አንተ፣ እስቲ ይህን ቀስት እየው አለችው። ሰውየው የተቀመጠበት ሥዕል ላይ ከኋላው ጎማ ሥር ወደ ኋላ የሚያመለክት ቀስት አለ። ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ጥግ ላይ ከቆሙት አዳዲስ ብስክሌቶች አንዱን አውርዶ ኮርቻው ላይ በሆዱ ተኛና ስፕሪንጉን እስከ ታች ተጫነው። የኋላው ጎማ ከፔዳሉ እየራቀ ወደ ኋላ ሄደ። እሱ ሠላሳ ዓመት የሠራው ኋላቸው ድርቅ ያሉ ብስክሌቶችን ነው፤ የእነሱ ጎማ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ብስክሌት ግን ሰው ተቀምጦ ድንጋይ ሲመታ ካቴናው መርዘም ይኖርበታል፣ የተቆረጠው ግን ባዶውን በተንጠለጠለ ብስክሌት ላይ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ አለችኝ ሚስቱ። የጎረቤቱን ሞተር አስነሥቶ ሄደ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ላይ ማርሹ እንደ ቅቤ እየገባ ይወጣል፤ ጉልበቴ ይሞቃል እንጂ አያመኝም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከታች የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ያበራል። አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ግማሹን አለፍኩ። መንገዱ እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው ድረስ ለስላሳ አፈር ስለሆነ የመጨረሻው ማርሽ አላስፈለገኝም። ከማጠራቀሚያው በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ እንደ ደረጃ የተነባበረበት ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ እኛ «ግድግዳው» እንለዋለን። የወደቅኩትም እዚያ ነው። ባለ ሃምሳ አንድ ጥርሱ ክብ የተመረጠው ለግድግዳው ነው፤ ወደ እሱ ለመግባት አውራ ጣቴን መጫኛው ላይ አዘጋጅቼ መጣሁ።

ማጠራቀሚያው ጋ የመኪናው መንገድ የእግር መንገዱን ይነካል። ወንድሜ እዚያ መንገዱ መሐል ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሞተሩ ከኋላው ቦይ ውስጥ ወድቆ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ፍሬን ያዝኩ። ሰዓቴ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ይላል። ግድግዳውን በአሥራ ሁለት ደቂቃ እወጣለሁ ብዬ ነበር ያሰላሁት።

«የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ እንዳትገቢ» አለኝ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ካቴናው አጥሯል። ድንጋዩ ላይ ስፕሪንጉ ሲወርድ መቀየሪያውን ገንጥሎ ጎማሽ ውስጥ ይከተዋል።»

«ማነው ያሳጠረው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

መሄድ ነበረብኝ። ከመጨረሻው በፊት ባለው ማርሽ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ወዲያውኑ መሄድ። ግን ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር ደረቴ ላይ ተነሣብኝ፤ እግሬ ከመሬት አልነሣ አለ።

«ያኔስ ጋሼ?»

ፊቱን ወደ ማጠራቀሚያው አዞረ። ሂጂ፣ ሰዓትሽ እየሄደ ነው አለኝ። ይሂድ አልኩት። ሰዓቴ ሠላሳ ሁለት አለ። ከቧንቧው ውሃ ይንጠባጠባል። ማከማቻው ክፍል ታየኝ፣ ካርቶኖቹ ታዩኝ። ይህን ቦታ ያለ መልስ ትቼ ብሄድ ግን ላይ መድረሴ ምንም እንደማይጠቅመኝ ያን ጊዜ አወቅኩ። ሠላሳ ሦስት አለ።

«ያኔም እኔ ነኝ» አለ። «የፊት መቀየሪያው ብሎን ልል ነበር። አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ አየሁት። አጥብቄው ነው ቅጹን የሞላሁት።»

ልመታው ፈለግኩ። እጄ መሪውን ስለያዘ ብቻ ተረፈ። ብሎኑ አልነበረም ያንገበገበኝ፤ ብሎን ይላላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ እግሬን ስወቅስ እያየ ዝም ማለቱ ነው። ብስክሌቱን በጎኑ አሳልፌ ፔዳሉን ረገጥኩ።

ግድግዳውን ያወጣኝ ንዴት ነው ብል ውሸት አይሆንም። ግን ንዴት ማርሽ አያቀልም። ማርሹ ከበደኝ፤ ስልሳ ማዞር የነበረብኝ ወደ አርባ ወረደ፣ ጉልበቴም ዋጋውን ይከፍል ጀመር። በየድንጋዩ ኮርቻው ሲሰምጥ ካቴናው እንደ ክራር ገመድ ሲወጠር እሰማለሁ። አውራ ጣቴ ሳያስበው መጫኛውን እንዳይነካ ከመሪው በታች አጥፌ ያዝኩት። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ደረስኩ። አንድ ጊዜ እግሬን መሬት አስነካሁ። ጤና ኬላው በር ላይ አለቃችን ሰዓቷን ጨብጣ ቆማለች፤ ስደርስ አርባ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ብላ ጻፈች። ዓይኗ አዘነልኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ወንድሜ በመኪናው መንገድ መጣ። ሱሪው ጭቃ ነው፣ ክርኑ ይደማል። ከእኔ ጋር አልተያየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ አለቃችን ሄዶ ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ ጉድለቱም የእኔ ነው ብሎ ስለ ካቴናው ሁሉንም ነገራት። የብስክሌት ጉድለት ከሆነ ፈተናው እንደሚደገም ደንቡ ይላል። ቅጹን አወጣችለት። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ ፈረመና ብዕሩን ሳይመልስ ቆመ።

«የዛሬ ሁለት ዓመቱን ቅጽም ያምጡልኝ» አላት። «እሱንም በውሸት ነው የሞላሁት።»

አለቃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን ረሳች። የሚሉት እውነት ከሆነ ብስክሌቶቹን ከእጅዎ እንደምወስድ ያውቃሉ ስትለው፣ አውቃለሁ አለ። እንግዲያው በወሩ መጨረሻ ያስረክባሉ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ብስክሌትሽን ማን እንዲሠራው ትፈልጊያለሽ፣ ከሌላ ቦታ ሰው ማስመጣት እንችላለን አለችኝ። ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። በሕይወቴ እንዲህ አንሶ አይቼው አላውቅም፤ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ደስ አላለኝም።

«እሱ ይሥራው» አልኩ።

ብዙ ሰው ለምን ብሎ ጠይቆኛል። ይቅር ስላልኩት አልነበረም፤ አላልኩትም። ስህተቱ የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ቅዳሜ ሱቁ ሄጄ ኮርቻው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሚስቱ ከኋላ ትከሻዬን ይዛ ተጫነችኝ፣ ስፕሪንጉ እስከ ታች ወረደ። እሱ ተንበርክኮ አዲሱን ካቴና አዞረ። ከመቁረጡ በፊት ቀና ብሎ፣ ይህ ይበቃል ወይስ እንጨምር ብሎ ጠየቀን። ሚስቱ ወረቀቱን አይታ ይበቃል አለች። ቆረጠ።

ሐሙስ ግድግዳው ሥር ስደርስ ሠላሳ ደቂቃ ነበር። ወንድሜ ማጠራቀሚያው ጥግ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቆሟል፤ ማንም አልጠራውም። መጫኛውን በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ካቴናው ወደ ሃምሳ አንዱ ሲወጣ ፔዳሉ ቀለለኝ፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ መታሁ፣ ኮርቻው ሰመጠ፣ ካቴናው ያዘ። በዓይኔ ጠርዝ ወንድሜ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቁጭ ሲል አየሁት። አልቆምኩም። በአርባ አንድ ደቂቃ ላይ ደረስኩ።